በውርጭ የረጋው ዘይት

አቶ ዘውዴ ባረፉ በሁለተኛው ሳምንት ልጃቸው አልማዝ ስልክ ደወለችልኝ። በቀብሩ ዕለት የተነበበውን የሕይወት ታሪካቸውን አሳትማ በአርባቸው ቀን ለዘመድ ወዳጅ ልታድል አስባለች። «ጋሼ፣ እርስዎ የተማሩ ነዎት፤ ስሕተት እንዳይኖርበት አንዴ ይመልከቱልኝ» አለችኝና ጽሑፉን በልጇ እጅ ላከችልኝ። የሚታረም ብዙ አልነበረውም። የትውልድ ቦታቸው ደነባ መሆኑ፣ የሠሩባቸው መሥሪያ ቤቶች፣ የልጆቻቸው ስም፣ ሁሉም በቦታው ነበር። አንድ ሐረግ ላይ ስደርስ ግን እርሳሴ ቆመ፦ «በዘመናቸው ሁሉ ማንንም በድለው የማያውቁ»።

ይህን ቃል በቀብሩ ዕለትም ሰምቼዋለሁ። ባርኔጣዬን በእጄ ይዤ ከሰው መካከል ቆሜ ነበር። ለሟች የሚነበብን ምስጋና ማንም ቃል በቃል አይመረምረውም። አቶ ዘውዴ ግን ቢሰሙት ኖሮ እንደ ልማዳቸው ሁለት ጣታቸውን አንሥተው «ይህ ይስተካከል» ይሉ እንደነበር እርግጠኛ ነኝ። በዚህ ዕድሜዬ እርግጠኛ ነኝ የምለው ነገር ጥቂት ነው። ይህ ከጥቂቶቹ አንዱ ነው።

የተገናኘነው በእኛ አቆጣጠር በሃምሳዎቹ ዓመታት፣ ደብረ ብርሃን በነበረ አንድ አነስተኛ የሕክምና ጣቢያ ነው። እኔ ገና ከትምህርት ቤት የወጣሁ ድሬሰር ነበርሁ፤ ቁስል አጥባለሁ፣ መርፌ እወጋለሁ። እርሳቸው የንብረትና የመኪና ኃላፊ ነበሩ። መኪና ስል አንዲት ናት፤ ጀርባዋ በሸራ የተሸፈነ፣ በሽተኛም መድኃኒትም የምትጭን። ንብረቱም ቢሆን አንድ ክፍል የሚሞላ አልነበረም። ይሁን እንጂ አቶ ዘውዴ ያንን አንድ ክፍልና ያችን አንድ መኪና እንደ ጠቅላይ ግዛት ያስተዳድሩ ነበር። ኮታቸው እስከ ላይኛው ቁልፍ ይቆለፋል፤ በብርድ ቀን ጋቢያቸውን ከኮቱ በላይ ይደርባሉ። የበርሜል ሆድ በጥፍራቸው ኳ ኳ አድርገው፣ ጆሯቸውን አስጠግተው፣ ምን ያህል እንደቀረው ይናገራሉ። ሲሳሳቱ አይቻለሁ። ሲሳሳቱ የሚቆጡት በርሜሉን ነበር።

«ሰው ይደክመዋል፤ ደንብ አይደክመውም» ይሉ ነበር። ፋሻ ከመደርደሪያ ለመውሰድ እንኳ ደንብ ነበራቸው። እኛም በሌሉበት «ደንቡ መጣ፣ ደንቡ ሄደ» እንል ነበር። የሚያውቁ ይመስለኛል፤ ቅር የተሰኙ ግን አይመስለኝም።

ሾፌሩ ሑሴን የአልዩ አምባ ሰው ነበር። ቆላ ተወልዶ ደጋ የገባ፣ ብርድን እንደ ግል ጠላቱ የሚቆጥር፣ አፉ ከቀልድ የማያርፍ ጎልማሳ። አቶ ዘውዴን «ጋሼ» ይላቸዋል፤ ይወዳቸው ነበር። ፍቅሩ በኋላ ያስደረገውን ነገር ወደ ፊት እናገራለሁ።

አንድ ዓመት አቶ ዘውዴ ለአጭር ሥልጠና ወደ አዲስ አበባ ተልከው ተመለሱ። ከተማሩት ሁሉ አንዱ ነገር ልባቸውን ማርኮት ነበር፤ ለሞተር የሚሞላው ዘይት እንደ ወራቱ መለዋወጥ እንዳለበት። በብርድ ጊዜ ቀጭን ዘይት፣ በሙቀት ጊዜ ወፍራም ዘይት። ቀጭኑ ቁጥር ሃያ፣ ወፍራሙ ቁጥር አርባ ይባላል። ከዚያ በፊት እኛ ዘንድ ዘይት ዘይት ነበር፤ የተገኘው ይሞላል። እርሳቸው ሳንቃ አስላጭተው፣ በጥቁር ቀለም በገዛ እጃቸው ጽፈው፣ በንብረት ክፍሉ በር ላይ ቸነከሩት፦ «ከሰኔ እስከ መስከረም ቁጥር ሃያ። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ቁጥር አርባ።»

ማንም አልተቃወመም። ማን ይቃወማል? ክረምት ብርድ ነው፣ በጋ ፀሐይ ነው፤ ይህን ሕፃን ልጅ ያውቀዋል። ይሁን እንጂ ደብረ ብርሃን ላይ ነገሩ ሌላ ነው። የክረምት ደመና ምድሪቱን እንደ ብርድ ልብስ ሸፍኗት ያድራል። በታኅሣሥና በጥር ግን ሰማዩ እስከ ጥግ ይጠራል፤ ቀን ጀርባችንን ስናሞቅበት የዋልነው ሙቀት ሌሊት ሽቅብ ይበንናል፤ ሲነጋ ሣሩ በአመዳይ ነጥቶ፣ የገንዳው ውሃ በረዶ ሆኖ እንደ መስታወት ደርቆ ይገኛል። ይህንንም ሁላችን በቆዳችን እናውቅ ነበር። ከዘይቱ ጋር ያገናኘው ሰው ግን አልነበረም። መኪናይቱ በአዘቦት ቀን የምትወጣው ፀሐይ ከሞቀ በኋላ ስለሆነ ጥቅምትና ኅዳር በሰላም አለፉ። አስተማሪው ብርድና ሙቀት ብሎ አስተማረ፤ ወራቱን የሞሉበት አቶ ዘውዴ ናቸው።

በታኅሣሥ፣ አንድ ቀን ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ከአንኮበር በበቅሎ የመጣ ሰው ከግቢያችን ገባ። የላኩት መምሬ ወልደ ሐና የሚባሉ ካህን ናቸው። አንድያ ልጃቸው ካሣ ሆዱ ተነፍቶ እንደ ከበሮ ጠጥሯል፤ ያስመልሰዋል፤ አየር እንኳ አይወጣውም። አንጀቱ መታጠፉን ከአነጋገሩ ተረዳሁ። የሚያድነው ቀዶ ጥገና ብቻ ነው፤ ለዚያ ደግሞ ቶሎ አምጥቶ ወደ አዲስ አበባ ማሻገር ያስፈልጋል። የአንኮበር መንገድ ከጨለመ በኋላ በጉምና በገደል ምክንያት አይሞከርም ነበርና ጎህ ሲቀድ እንድንነሣ ተወሰነ።

ጎህ ቀደደ። ሑሴን ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ አንድ ጊዜ እንደ በሽተኛ አቃሰተና ዝም አለ። ደገመው፤ ያቺም ማቃሰት ጠፋች። የማዞሪያውን ብረት ከፊት ሰክቶ በሁለት እጁ ተንጠለጠለበት።

«ጋሼ፣ ይህ ዘይት አይደለም፤ ቅቤ ነው። ጨው ነስንሰን እንብላው!»

«ቀልዱን ተውና አዙር።»

«እኔማ እያዞርሁ ነው፤ እሷ ናት የማትዞረው!»

ዘበኛውን፣ አትክልተኛውን፣ የተገኘውን ሰው ሁሉ ጠርተን ገፋናት። ጎማዎቹ ሳይዞሩ በአመዳዩ ሣር ላይ እንደ ሸርተቴ ተንሸራተቱ። በመጨረሻ ከዘበኛው ቤት የኩበት ፍም በቆርቆሮ አመጣንና ከሞተሩ ሥር፣ ዘይቱ ከሚጠራቀምበት ካርተር በታች አኖርነው። አቶ ዘውዴ ከነኮታቸው ተንበርክከው እፍ ይሉ ነበር። ዐይናቸው ያለቅስ ነበር፤ ከጭሱ ይመስለኛል። ከአንኮበር የመጣው ሰው የበቅሎውን ልጓም እንደያዘ ቆሞ ያየናል። ብዙ ቆይቶ፣ ለራሱ እንደሚናገር ሰው፣ «በበቅሎዬም ጭኜው ብመጣ ኖሮ...» አለ። ቃሉን አልጨረሰውም። 

ሞተሩ የተነሣው ፀሐይ ከፍ ብላ አመዳዩ ውሃ ከሆነ በኋላ ነው። አቶ ዘውዴም አብረውን ተሳፈሩ። አንኮበር ስንደርስ ካሣ በሕይወት ነበር፤ ዐይኑን ገልጦ አየን። ከነአልጋው ጫንነው። አባቱ መስቀላቸውን ይዘው ከጎኑ ተቀመጡ። ዳገቱን ጨርሰን ወደ ሜዳው ስንወጣ፣ አንዲት የጽድ ዛፍ ብቻዋን ከቆመችበት መታጠፊያ ላይ፣ የልብ ትርታው ከእጄ ጠፋ።

«ቁሙ» አሉ መምሬ። እኔ ሳልነግራቸው አውቀዋል። ሑሴን መኪናይቱን አቆመ። «ሞተሩን አጥፉልኝ፤ ልጄን ልፍታው።»

አቶ ዘውዴ ወደ ኋላ ዞሩ። ፊታቸው አመድ መስሎ ነበር። «አባቴ፣ አይሆንም። ባትሪው በጧቱ ትግል ደክሟል፤ ከጠፋ ላይነሣ ይችላል። ሜዳ ላይ እንቀራለን።»

መምሬ አልተከራከሩም። ሞተሩ እየተንገጫገጨ፣ ሸራው እየተርገበገበ፣ ጸሎተ ፍትሐቱን ከጩኸቱ በላይ ለማሰማት ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። ድምፃቸው የሽማግሌ ድምፅ ነበር፤ መኪናይቱ አሸነፈቻቸው። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ። ቃሉን አልሰማሁም።

በማግሥቱ ማለዳ አቶ ዘውዴ እኔንና ሑሴንን ጠሩን። አመዳይ የለበሰ የጣሪያ ቆርቆሮ አጋድመው ደግፈውት ነበር። ውጭ ካደሩ ሁለት ጣሳዎች አፈሰሱበት፤ ከአንዱ ቁጥር ሃያ፣ ከሌላው ቁጥር አርባ። ሃያው ቀስ እያለ ወርዶ ከቆርቆሮው ጫፍ ተንጠባጠበ። አርባው እንደ ረጋ ማር ከፈሰሰበት ቦታ ጉብ ብሎ ቀረ። በጣታቸው ነኩት፤ በአውራ ጣትና በሌባ ጣታቸው መካከል አሹት። «ወራቱን የሞላሁት እኔ ነኝ» አሉ። 

የጣቢያው ሐኪም አቶ ዘውዴን ጠርተው አጽናኗቸው፤ ሰውዬው በሰዓቱ ቢደረስለትም የመዳኑ ነገር አጠራጣሪ እንደነበር ነገሯቸው። የከሰሳቸው ሰው የለም። የጠየቃቸው የለም። እኛም ስለ ዘይቱ ለሌላ ሰው አንናገርም ነበር። ይህ የሚያሳርፍ ነገር ይመስል ይሆናል። እርሳቸውን ግን ከቀን ወደ ቀን ያከሳቸው ይኸው ነበር።

የካሣ አርባ ካለፈ በኋላ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ «አንኮበር አብራችሁኝ ሂዱ» አሉን። እንደምታውቁት በአገራችን በዳይ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ ከተበዳይ ደጅ ይወድቃል፤ ተበዳይ «አውርድ» እስኪለው ድረስ አይነሣም። አቶ ዘውዴ ከመምሬ ደጅ የወደቁት ድንጋይ ተሸክመው አልነበረም። በጫንቃቸው ላይ የነበረው ቁጥር አርባ ዘይት የያዘ ቆርቆሮ ነው። ቆርቆሮው ቀይ ይሁን አረንጓዴ አሁን አላስታውስም፤ አንገታቸው ላይ የተወው የዝገት መስመር ግን ይታየኛል። መምሬ በዚያ ሌሊት ለማኅሌት ከቤተ ክርስቲያን አድረው ነበርና፣ አቶ ዘውዴ ጋቢያቸውን ተከናንበው ከአጥሩ ሥር አደሩ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሽማግሎች ተጠርተው መጡ። ሰብሳቢው ግራዝማች ይልማ የሚባሉ፣ ብዙ ደም ያስታረቁ ሰው ነበሩ።

«ከሳሽ ማን ነው?» አሉ።

«እኔ ነኝ» አሉ አቶ ዘውዴ፣ ከነቆርቆሯቸው እንዳጎነበሱ።

«ተከሳሽስ?»

«እኔው ነኝ።»

ግራዝማች ወደ እኔ ዘንበል አሉ። «የሐኪም ቤቱ ልጅ፣ ይህ ሰው ጤነኛ ነው?»

«ጤነኛ ናቸው።»

«በዕድሜዬ በጦር የሞተ ዳኝቻለሁ፤ በጥይትም፣ በመጥረቢያም። በዘይት የሞተ ሰው ግን ዛሬ ገና ሰማሁ። የምን ዘይት ነው? የኑግ?»

«የሞተር ነው ግራዝማች።»

«ጠጥቶት ነው?»

ከሰዎቹ መካከል ሳቅ አመለጠ። መምሬ ወልደ ሐና አልሳቁም። አቶ ዘውዴ ቆርቆሯቸውን አውርደው፣ ሌላውን ጣሳ ከመኪናው አስመጥተው፣ በደጁ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ሁለቱን ዘይት ጎን ለጎን አፈሰሱ። የአንኮበር ማለዳም ለብርድ አይታማም። ቀጭኑ ሄደ፤ ወፍራሙ ቀረ። ሽማግሎቹ ጎንበስ ጎንበስ እያሉ አዩት። አንዱ በበትራቸው ጫፍ ነካ አደረጉት። ሳቁ ጠፋ።

«አንተስ ምን ትላለህ?» አሉኝ ግራዝማች። «በጧት ብትደርሱ ይድን ነበር?»

«ሰዓት በገፋ ቁጥር ተስፋው ይቀንሳል። ከዚህ በላይ አላውቅም» አልሁ። የማውቀው ይኸው ብቻ ነበር፤ ዛሬም ይኸው ነው።

ያን ጊዜ ሑሴን ከኋላ ተነሣ። ማንም አልጠራውም ነበር። «ዘይቱ አይደለም» አለ። «ባትሪው ነው የሞተው። ሾፌሩ እኔ ነኝ፣ እኔ አውቃለሁ። ወላሂ፣ ዘይቱ አይደለም!»

«ሑሴን!» አሉ አቶ ዘውዴ።

«ወላሂ አልሁ እኮ ጋሼ!»

ወላሂ ያለው አንድ ጊዜ ይሁን ሦስት ጊዜ አእምሮዬ አይታመንም። መማሉን ግን አልጠራጠርም። ባትሪው መድከሙን ሁላችንም አይተናል፤ በመሐላው ውስጥ የእውነት ፍርፋሪ ነበረበት። የደከመው ግን ወፍራሙን ዘይት ሲታገል ነው። ይህንንም እርሱ ያውቃል፤ እኔም አውቃለሁ። አልተናገርንም። ሽማግሎቹ ተንፈስ አሉ። ዘይት ለዳኝነት አስቸግሯቸው ነበር፤ የሞተ ባትሪ ግን እንደ ሞተ በሬ ነው፣ ጥፋተኛ አይፈለግለትም። ግራዝማች «ጥፋት የለም» ብለው በየኑ።

መምሬ ከመቀመጫቸው ተነሥተው አቶ ዘውዴን በክንዳቸው ያዟቸው። «ተነሥ ልጄ። አልበደልኸኝም።»

«አባቴ፣ በድያለሁ። ይቅር ይበሉኝ።»

«ያልበደለኝን ሰው ምን ብዬ ይቅር እላለሁ? ይቅርታ እንደ ልብስ በልክ ነው የሚሰፋ። ለሌለ በደል ብሰፋልህ በምንህ ላይ ታጠልቀዋለህ? ግባና እህል ቅመስ።»

ገባን፤ በላን።  ስንመለስ አቶ ዘውዴ ቆርቆሮውን ከመኪናይቱ ወለል ላይ አላኖሩትም፤ በጉልበታቸው ላይ አቅፈውት ሄዱ። ጽዷ ዛፍ ዘንድ ስንደርስ ገና የመጀመሪያውን ቃል ተናገሩ።

«ለምን?»

«እስር ቤት የሚገቡ መስሎኝ ነዋ፣ ጋሼ» አለ ሑሴን። ድምፁ ተለውጦ ነበር።

«ማንም ሊያስረኝ አልነበረም።»

«ታዲያ ምን ፈልገው ነው ቆርቆሮ ተሸክመው የመጡት?»

ቆርቆሮውን ጠበቅ አድርገው አቀፉት። እኔ በዚያን ጊዜ መልሱን የማውቅ አይመስለኝም። ጥፋተኛ ያልተባለ ሰው ይቅር ሊባል እንደማይችል፣ እነዚያ ሁሉ ደግ ሰዎች እያዘኑላቸው በሩን እንደ ዘጉባቸው፣ የገባኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

ከዚያ በኋላ «ሰው ይደክመዋል፤ ደንብ አይደክመውም» ሲሉ ሰምቻቸው አላውቅም። ሳንቃውን ገለበጡና በጀርባው ሌላ ጻፉ፦ «ሲነጋ የውሃውን ገንዳ እይ። ከደረቀ ቁጥር ሃያ።» ወር አልተጻፈበትም። በብርዱ ሰሞን ሁሉ ጎህ ሳይቀድ ተነሥተው፣ መንገድ ኖረም አልኖረም፣ መኪናይቱን ራሳቸው አስነሥተው ጥቂት ያሠሯታል፤ ከዚያ አጥፍተው ቤታቸው ይገባሉ። የሰፈሩ ሰው «የዘውዴ አውራ ዶሮ ጮኸ» እያለ ይነሣ ነበር። «ደንቡ» የሚለው ስም ቀርቶ «አውራ ዶሮ» ተባሉ። ይህንንም የሚያውቁ ይመስለኛል። በአንኮበር መንገድ ላይ ግን፣ ብንቆምም ብንቆይም፣ ሞተሩ እንዲጠፋ አይፈቅዱም ነበር።

ሑሴን አንድ ቀን ተከራከራቸው። ወደ አልዩ አምባ መድኃኒት ልናወርድ ነው። «ጋሼ፣ የእኔን አገር ሙቀት አያውቁትም። ቀጭኑ ዘይት እዚያ እንደ ውሃ ነው የሚሆነው፤ ዳገቱን ስንመለስ ሞተሩን ይበላዋል።»

«እውነትህን ነው» አሉት። «በየመካከሉ እየቆምህ መጠኑን እይ፤ ዳገቱን ቀስ ብለህ ውጣው። ቀጭኑ ቆላ ቢያሳፍረን የሚጎዳው ብረት ነው። ወፍራሙ ደጋ ላይ ቢረጋ የሚሞተው ሰው ነው።»

እንዲህ ሆነው ጥቂት ዓመታት አለፉ። አንድ ጥር፣ እንደ ፊተኛው ጊዜ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ከአንኮበር መልእክት መጣ። መምሬ ወልደ ሐና ሽንታቸው ከተዘጋ ሁለተኛ ቀናቸው ነው። አቶ ዘውዴ ቃሉን ከሰሙ በኋላ ገንዳውን ሁለት ጊዜ ሄደው አዩት፤ ገና ውሃ ነበር። ሲነጋ ግን እንደ ድንጋይ ደርቆ፣ ሣሩ ነጥቶ፣ ትንፋሻችን እንደ ጭስ እየወጣ ነበር። ሑሴን ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ አንዴ አጉረመረመና ተነሣ።  ሑሴን መሪውን በመዳፉ መታ መታ አደረገው፣ የፈረስ አንገት እንደሚመታ።

አንኮበር ስንደርስ ፀሐይ ገና የቤቱን ክዳን አላሞቀችም። መምሬ በሥቃያቸው መካከል ዐይናቸውን ገልጠው አዩን። በያዝሁት የጎማ ቱቦ ሽንቱን አወጣሁላቸው፤ ትንሽ ቆይቶ ፊታቸው ተፈታ። ለቀሪው ሕክምና ወደ ደብረ ብርሃን እንድንወስዳቸው ልብሳቸው ሲሰናዳ እንዲህ ጠየቁ፦

«መቼ ተነሣችሁ?»

«ጎህ ሲቀድ፣ አባቴ።»

«ደብረ ብርሃን ውርጭ የለም እንዴ ዘንድሮ?»

«አለ። ሣሩ ነጭ ነው።»

 መምሬ ወደ ሑሴን ዞሩ። «ባትሪ ለወጣችኋ?»

አቶ ዘውዴ ከመሬት ዐይናቸውን አላነሡም። ሑሴን ኮፍያውን ከራሱ አወለቀ። እስላም ነውና ለካህን ኮፍያ የማውለቅ ግዴታ አልነበረበትም። «አልለወጥንም መምሬ» አለ። «ያው የዚያን ጊዜው ነው። የተለወጠው ዘይቱ ነው።»

 ከውጭ ዶሮ ሲጭር እሰማ ነበር።

«እንግዲያውስ ልጄን ያዘገየብኝ ዘይትህ ነው» አሉ መምሬ አቶ ዘውዴን።

«አዎ አባቴ።»

«አንተ ነህ።»

«እኔ ነኝ።»

መምሬ መስቀላቸውን ከትራሳቸው ሥር ፈለጉ። እጃቸው ስላልደረሰበት እኔ አቀበልኋቸው። «በድለኸኛል» አሉ፣ እያንዳንዱን ቃል ለይተው። «አንድያ ልጄን በቸልታህ አሳጥተኸኛል። እኔም ይቅር ብዬሃለሁ። እግዚአብሔር ይፍታህ።» አቶ ዘውዴ ከአልጋው ሥር ወድቀው መስቀሉን ተሳለሙ። 

መምሬ ቀጥለው ሑሴንን አዩት። «አንተ ደግሞ የሐሰት መሐላህን ለሼኽህ ንገር።»

«ያኔውኑ ነግሬያቸዋለሁ መምሬ። ሦስት ቀን ጾሜያለሁ።»

«ሦስት ቀን ብቻ? ሼኽህ ደግ ሰው ናቸው!» አሉ፤ ሕመማቸውን ረስተው ፈገግ ያሉ መሰለኝ።

ይህን ሁሉ ለአልማዝ በስልክ መናገር አልቻልሁም። አባቷን በሃዘኗ መካከል «በዳይ» ብዬ ልጠራባት ነው? ሆኖም እንዳለ ልተወውም አልቻልሁም፤ አቶ ዘውዴ ያን የበደል ስም ለማግኘት ስንት ማለዳ እንደተነሡ አውቃለሁና። «ማንንም በድለው የማያውቁ» የሚለውን ሰረዝሁ። በላዩ «በድለው ይቅር የተባሉ» ብዬ ጻፍሁ። ከወረቀቱ ጋር ይህን ጽሑፍ አያይዤ እልክላታለሁ። ከፈቀደች ታሳትመዋለች፤ ካልፈቀደችም ቢያንስ ታነበዋለች።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። በትክክል ማስታወሴን አላውቅም፤ ሰው በመጨረሻ እንዲሆን የወደደውን ነገር እንደሆነ አድርጎ ሊያስታውስ ይችላል። ቢሆንም የማየው እንዲህ ነው። መምሬን ጭነን ዳገቱን ጨርሰን ወደ ሜዳው ወጣን። ብርቱ ነፋስ ነበር። ጽዷ ዛፍ ዘንድ ስንደርስ ሽማግሌው «ቁሙልኝ» አሉ። ሑሴን አቆመ። ሞተሩ እየሠራ፣ ሸራው እየተርገበገበ ጠበቅን። መምሬ ሞተሩ እንዲጠፋ አልጠየቁም።

«አጥፋው» አሉ አቶ ዘውዴ።

ሑሴን ዞሮ አያቸው። «ጋሼ፣ ብርዱን አያዩትም? ባይነሣስ?»

«ይነሣል። አጥፋው።»

ሑሴን አጠፋው። መምሬ ወልደ ሐና ለልጃቸው ያን ጊዜ ያልተሰማውን ጸሎት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በዝግታ ደገሙ። በዚያ ሜዳ ላይ ከነፋሱ በቀር የሚሻማቸው ድምፅ አልነበረም። እያንዳንዱን ቃል ሰማሁ። ሲጨርሱ አሜን አልን፤ ሑሴንም ያለ ይመስለኛል።

ከዚያ ቁልፉን አዞረ፤ ሞተሩም ተነሣ።